እግሩን እሾህ ወጋው፤ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ለምን ወጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከብት ሲጠብቅ እሾህ ረግጦ መጣ፤ አያቱ በወረንጦ አወጡለት። በማግስቱ ውስጥ እግሩ ቀልቶ አበጠ፤ በሦስተኛው ቀን መግል ያዘ። በአራተኛው ቀን በዚያው እግሩ በኩል ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ማታ ማታም ያተኩሰው ነበር። በሞቀ ውሃና በሳሙና እያጠብነው መግሉ ፈስሶ ወጣ፤ ዛሬ በዘጠነኛው ቀን ቁስሉ ሊድን ተቃርቧል፣ ትኩሳቱም ለቆታል፤ ንፍፊቱ ግን የአደንጓሬ ፍሬ ያህል ሆኖ አሁንም አለ። አያቱ በቅቤ ካልታሸ አይመለስም ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅሙ ደካማ ስለሆነ ነው፣ አቅም የሚጨምር እንክብል ግዢለት ይሉኛል። ልጄ በሕፃንነቱ የሚሰጠውን ክትባት ሁሉ ጨርሷል። ክትባት የጨረሰ ልጅ በአንድ እሾህ እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው?
እናት፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ይበልጥ የሚያሳስብዎትን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። በጻፉልኝ ታሪክ ውስጥ የልጅዎ በሽታ የመከላከል አቅም ደካማ መሆኑን የሚያሳይ አንድም ምልክት አላገኘሁም። እንዲያውም መቅላቱ፣ እብጠቱ፣ መግሉ፣ ትኩሳቱና ንፍፊቱ እርስዎ በጻፉት ቅደም ተከተል መምጣታቸው ሰውነቱ ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን ይመሰክራሉ። ንፍፊቱ አይታሽ፤ እንክብሉም አይገዛ። ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

እሾህ ቆዳን በስቶ ሲገባ ከአፈሩም፣ ከልጁ ከራሱ ቆዳ ላይም ተሕዋስያንን ይዞ ይገባል። እንዲህ ባለ መግል የያዘ ቁስል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ስታፊሎኮከስ እና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከቆዳው ሥር ማክሮፋጅ የሚባሉ ሌላውን ዋጥ አድርገው የሚፈጩ ሕዋሳት አስቀድመው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሕዋሳት ስታፊሎኮከስን ከስትሬፕቶኮከስ ለይተው በስሙ አያውቁትም፤ የሚያውቁት ባክቴሪያዎች በጅምላ የሚጋሩትን፣ በሰው ሕዋስ ላይ ግን የማይገኘውን ነገር፣ ለምሳሌ የባክቴሪያን የግድግዳ ስባሪ ነው። ያንን ሲነኩ በደቂቃዎች ውስጥ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ በአካባቢው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ሲላላ ፈሳሽ ይወጣና ያብጣል፤ በዚያው ክፍተት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት እየሾለኩ ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ።

ስለ ኒውትሮፊል ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም መግልን እንደ ቆሻሻ ብቻ ማየት ለምደናል። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው መቅኔ በየቀኑ መቶ ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል ያመርታል። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ባክቴሪያውን ውጠው፣ በኬሚካል አቃጥለው እነሱም ይሞታሉ። ከልጅዎ እግር የወጣው ያ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ በአብዛኛው የእነዚህ ሕዋሳት ሬሳ፣ ከገደሏቸው ባክቴሪያዎችና ከተበላሸው ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የማታው ትኩሳት ደግሞ ከዚያው ቁስል በደም የተላከ መልእክት አንጎል ውስጥ የሙቀት መቆጣጠሪያው ዘንድ ደርሶ መለኪያውን ከፍ ስላደረገው የመጣ ነው። ጉበትም በበኩሉ ባክቴሪያን የሚበሱና የሚለብዱ ፕሮቲኖችን በብዛት ወደ ደም ይለቃል።

ይህን ሁሉ ሐኪሞች ተፈጥሯዊው መከላከል ብለን እንጠራዋለን፤ ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው፣ ማንም ሳያስተምረው የሚሠራ ነውና። ይህን መጀመሪያ በዓይኑ አየ የሚባለው ሰው ታሪኩ ከልጅዎ ታሪክ ጋር ስለሚመሳሰል ሳልጠቅሰው አላልፍም። ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ አንድ ትንሽ የባሕር እንስሳ እጭ ወስዶ የጽጌረዳ እሾህ ሰካበት። በማግስቱ ጠዋት በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። አያት በወረንጦ የነቀሉት እሾህ ዙሪያም የተደረገው ይኸው ነበር።

ተፈጥሯዊው መከላከል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የገባውን ጠላት ለይቶ ስሙን አይመዘግብም። ያንን ሥራ የሚሠሩት ሊምፎሳይት የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ቲ ሕዋስና ቢ ሕዋስ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት ከሌላው የተለየ አንድ ዓይነት መያዣ ብቻ አለው፤ መያዣው ከሚገጥመው ነገር በቀር ሌላ አይነካም። ለልጅዎ ባክቴሪያ አንዲት ቁራሽ የሚገጥም መያዣ ያለው ቲ ሕዋስ ከመቶ ሺህ ወይም ከሚሊዮን አንድ ቢሆን ነው። ይህ ብርቅዬ ሕዋስ በደም ሲዘዋወር እግር ጫፍ ላይ ካለች አንዲት ቁስል ጋር እንዴት ይገናኛል? ቁስሉን እየዞረ ቢፈልግ ልጁ ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ ዜናው ወደ እሱ ይሄዳል፤ የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ብሽሽት ነው።

በቆዳ ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ፣ ቅርንጫፍ እንዳወጣ ዛፍ የተዘረጉ ሕዋሳት አሉ። ልጁ በተወጋ ጊዜ እነሱም ባክቴሪያውን ይውጣሉ፤ ነገር ግን እንደ ኒውትሮፊል እዚያው ተዋግተው አይሞቱም። የዋጡትን ይቆራርጡና ቁራሹን በገላቸው ላይ ለይተው እያሳዩ፣ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ገብተው ወደ ላይ ይጓዛሉ። የእግር ሊምፍ የሚያልፈው በብሽሽት ባሉት ዕጢዎች በኩል ነው፤ የእጅ በብብት፣ የጥርስና የጉሮሮ ደግሞ በአንገት። እናቶቻችን እግር ሲቆስል ብሽሽትን፣ እጅ ሲቆስል ብብትን የሚዳብሱት ይህን ከልምድ ስለሚያውቁት ነው። በዕጢው ውስጥ ሊምፎሳይቶች በየዕለቱ በሚሊዮኖች እየገቡ፣ ቀርቦ የሚታየውን ቁራሽ እየቀመሱ፣ ካልገጠማቸው እየወጡ ያልፋሉ። ከቁስሉ መልእክት ሲደርስ መውጫው ለጊዜው ይዘጋል፤ የሚገቡት ግን ይበዛሉ። የሚገጥመው ሲገኝ መከፋፈል ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ልጅዎ ብሽሽት ላይ በጣትዎ የዳሰሱት፣ ሲነኩት ያመው የነበረው ዕጢ ይህ ነው። በመግል የተሞላ ወይም የተቋጠረ ደም አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለ ቤት ነው። አያት የሚሹት ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሕዋሳት መባዛታቸውን ጨርሰው እስኪበተኑ ድረስ የትኛውም እሽታ አያፈጥነውም፤ ዕጢውን ከማሳመምና ከማቁሰል በቀር ጥቅም የለውም። በምላጭ ማስበጣትማ ፈጽሞ አይሞከር።

አሁን የጥያቄዎ እምብርት ላይ ደርሰናል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ሁለቱን መከላከያዎች ተራ እንደሚጠብቁ ሁለት ዘበኞች አድርጎ ያስባቸዋል፤ አንደኛው ሲሸነፍ ሁለተኛው የሚነሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ንፍፊት ሲያይ የመጀመሪያው ተሸነፈ ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ አይደለም። የሊምፎሳይት መያዣ ቅርጽ የሚወጣው በዕድል ስለሆነ፣ የገጠመው ነገር የባክቴሪያ ይሁን የባቄላ ወጥ ወይም የራሱ የልጁ ጉበት ሊያውቅ አይችልም። ዴንድሪቲክ ሕዋስ ቁራሹን ብቻውን ቢያሳየው ቲ ሕዋሱ አይነሳም፤ እንዲያውም ደንዝዞ ይቀራል። የሚነሳው ዴንድሪቲክ ሕዋሱ ያንን የባክቴሪያ የጅምላ ምልክት በቁስሉ ላይ ነክቶ ተቆጥቶ ከመጣና ከቁራሹ ጋር ሁለተኛ ምልክት፣ የፈቃድ ምልክት፣ ካሳየው ነው። ስም የሚያውቀው መከላከያ ስም ከማያውቀው ፈቃድ ካላገኘ እጁን አያነሳም ማለት ነው። ይህ ግንኙነት በደንብ የተገለጠው በቅርብ ዘመን ነው፤ ዴንድሪቲክ ሕዋስን ያገኘው ራልፍ ስታይንማን፣ የጅምላ ምልክት የሚነኩትን መዳሰሻዎች ሥራ ያሳዩት ጁልስ ሆፍማንና ብሩስ ቦይትለር የኖቤል ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ልጅዎ በሕፃንነቱ ጭኑ ላይ ሲወጋ ቦታው አብጦ፣ ማታውን አተኩሶት አልነበረም? ከስድስት ሳምንት ጀምሮ የሚሰጠው አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ውስጥ ትንሽ የአሉሚኒየም ጨው ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1926 አሌክሳንደር ግሌኒ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህ ጨው የክትባትን ጉልበት እንደሚጨምር አሳየ። ጨው የጨመርነው ያንን ፈቃድ ለማግኘት ነው፤ ተፈጥሯዊው መከላከል ሳይቆጣ ሊምፎሳይቱ አይማርምና። እናቶች በዚያ እብጠት ደንግጠው ከቀጣዩ ቀጠሮ ሲቀሩ በጣም አዝናለሁ።

ትምህርቱ በብሽሽት ካለቀ በኋላ ደግሞ ሥራው ተመልሶ ወደ እግር ይወርዳል። የተባዙት ቲ ሕዋሳት በደም ገብተው ቁስሉ ላይ ይወርዱና ለማክሮፋጆቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ያቀብሏቸዋል፤ ማክሮፋጁ በፊት ውጦ መፍጨት ያቃተውን ባክቴሪያ አሁን ይፈጨዋል። ቢ ሕዋሳቱ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ፤ አንቲቦዲው ባክቴሪያውን ይለብደዋል፤ ኒውትሮፊል ደግሞ የተለበደውን ካልተለበደው እጅግ አብልጦ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 አልምሮት ራይት ከባልደረባው ጋር ሆኖ ይህን ሲያሳይ፣ በደም ውስጥ ያለውን ለባጅ ነገር ኦፕሶኒን አለው፤ ቃሉ የተወሰደው ግሪኮች ከዳቦ ጋር የሚበላውን ማባያ ከሚጠሩበት ስም ነው። በእኛ አነጋገር አንቲቦዲ ለኒውትሮፊል የእንጀራው ወጥ ነው። ከዚያ በፊት የሜችኒኮፍ ወገኖች የሚያድነን በላተኛው ሕዋስ ነው፣ የጀርመኑ የፓውል ኤርሊክ ወገኖች ደግሞ በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱም በአንድነት ተሰጠ፤ ፍርዱም ትክክል ነበር።

ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በሥራዬ በየጊዜው አያለሁ። ለካንሰር ጠንካራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊሎቹ ያልቁበታል፤ ያኔ ቁስሉ አይቀላም፣ መግልም አይዝም፤ የሚታየው ትኩሳት ብቻ ነው፤ እኛም በሰዓታት ውስጥ መድኃኒት በደም ሥሩ ካልጀመርንለት ሊሞት ይችላል። የቁስል መግል አለመያዝ ሁልጊዜ መልካም ዜና እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱ። ኤች አይ ቪ ደግሞ በተቃራኒው የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባለውን ቲ ሕዋስ ነው፤ በላተኞቹ ማክሮፋጆች በቦታቸው አሉ፣ ነገር ግን የሚያበረታቸው ስለጠፋ በሳንባቸው ውስጥ የዋጡትን የቲቢ ባክቴሪያ መግደል ያቅታቸዋል። በጣም ብርቅ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሐኪሞች በመጽሐፍ ቅዱሱ በኢዮብ ስም የጠሩት ሕመምም አለ፤ ኢዮብ ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ በቁስል ተመታ ይላልና። እነዚህ ሕሙማን እባጭ ይደጋግማቸዋል፤ እባጫቸው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አይሞቅም፣ ብዙም አይቀላም። ከጉድለቶቹ ዋናው ኒውትሮፊሎችን ወደ ቆዳ የሚጠራው የቲ ሕዋስ ዓይነት አለመኖሩ ነው። የልጅዎ እግር ግን ቀልቷል፣ ሞቋል፣ መግል ይዟል፣ በብሽሽቱም ተምሮ በዘጠኝ ቀን እየዳነ ነው። ጎረቤቶችዎ ድካም ያሉትን እኔ ጤና የምለው ለዚህ ነው።

ክትባት ስለጨረሰ ልጅ ወደ ጠየቁኝ ልመለስ። ክትባት ስም የሚያውቀውን መከላከያ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን በውስጡ ያለውን ስም ብቻ ነው። የኩፍኝ ክትባት ኩፍኝን ያስጠናል፤ ይህ ትዝታ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ያሉትን የፋሮ ደሴቶች ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ወደነዚያ ደሴቶች ገብቶ ከ8,000 ከማይሞላው ሕዝብ 6,000 ያህሉን ሲያሳምም፣ ወጣቱ ሐኪም ፔተር ፓኑም በ1781 ወረርሽኝ በልጅነታቸው ኩፍኝ የያዛቸው አረጋውያን ከ65 ዓመት በኋላም እንዳልታመሙ መዘገበ። ለስታፊሎኮከስ ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም። ይህ ባክቴሪያ በገላው ላይ አንቲቦዲን ገልብጦ የሚይዝ ፕሮቲን አለው፤ ማባያው ይቀርባል፣ ግን ተገልብጦ ስለሚቀርብ ኒውትሮፊሉ አይጨብጠውም። ጤነኛ ሰው እንኳ እባጭ ደጋግሞ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ክትባቱ አልከዳውም፤ ስለዚህ ባክቴሪያ አልተማረም እንጂ።

መንጋጋ ቆልፍ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ያልኩትም ለዚህ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ፍሬ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር በማይገባበት ጠባብና ጥልቅ ቁስል፣ ልክ እሾህ በሚተወው ቀዳዳ፣ ይበቅላል። የሚያሳምመው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን ይህ መርዝ እጅግ ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሣ ሰው የሚገድለው መጠን መከላከያችንን ለማስተማር እንኳ አይበቃም። ከመንጋጋ ቆልፍ የተረፈ ሰው ዳግመኛ ሊያዝ ስለሚችል እሱም ይከተባል። እዚህ ላይ ተፈጥሯዊው መከላከል ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው አስቀድሞ በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ነው። ልጅዎ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ የወሰዳቸው ሦስቱ መርፌዎች ይህን አስተምረውታል፤ ነገር ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአንቲቦዲው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ቁስሉ አፈር የነካው ሲሆን የመጨረሻው መርፌ ከተወሰደ አምስት ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ አንድ መርፌ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው። ትዝታው ስላለ አንቲቦዲው እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሳይዘገይ በጥቂት ቀናት ይወጣል። የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ። በሽታው ከተወጋ በኋላ ባብዛኛው ከሦስት እስከ ሃያ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚታይ፣ እስከዚያው አፉን ሙሉ በሙሉ መክፈት ወይም መዋጥ ቢቸግረው፣ አንገቱ ወይም ሆዱ ቢደርቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ስለ እንክብሉ አጭር መልስ እሰጣለሁ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ መከላከያው በእርግጥ ይዳከማል፤ ቫይታሚን ኤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በደንብ የሚበላ፣ ከብት ጠብቆ ሮጦ የሚገባ ልጅ ግን አቅም ይጨምራል በሚባል እንክብል የሚጨመርለት ነገር የለም። በዚያ ገንዘብ ጫማ ይግዙለት፤ ቆዳን የሚያህል የመጀመሪያ ግንብ የለም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝተው እንዳይሰጡትም አደራ እላለሁ።

ንፍፊቱ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት መቆየቱ የተለመደ ነው፤ የተባዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ትዝታ ይዘው ይቀራሉ፣ ዕጢውም ቀስ በቀስ ይመለሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በጣት ጫፍ ይዳብሱት። ከአራት ሳምንት በኋላ ካልቀነሰ፣ እየጨመረ ከሄደ፣ ሲነኩት የማይነቃነቅና ደረቅ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ከከሳና ሌሊት ካላበው ሐኪም ይየው፤ በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ጥቂት አይደለምና። ከቁስሉ ወደ ላይ እንደ ክር የሚሄድ ቀይ መስመር ካዩ፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይም ዕጢው ላይ ያለው ቆዳ ቀልቶ ከለሰለሰ ግን አራት ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይዘውት ይሂዱ።